አንድ አፕል አካውንት ለቤተሰቡ ሁሉ ሲሆን፦ ግዢን በጋራ፣ አካውንትን በግል ለመያዝ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ሜሪላንድ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን ለማጽዳት ተነሥቶ ከኮንታክት ዝርዝሩ ውስጥ የማያውቃቸውን ስሞች አንድ በአንድ ሰረዘ። በማግስቱ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ስልኳን ስትከፍት የእድሩ ጸሐፊ፣ የነፍስ አባቷ፣ ሐኪሟና የቅርብ ጎረቤቷ ሁሉ ከስልኳ ጠፍተዋል። ልጁ የሰረዘው ከገዛ ስልኩ ነው፤ እናቴም ምንም አልነካችም። እኅቴ ስልኩን ለእናታችን ስትልክ በራሷ አፕል አካውንት ከፍታ ነበር የላከችው፤ የገዛቻቸውን አፖች እንዲያገኝ ብላ ያንኑ አካውንት ለልጇም ሰጥታዋለች። ስለዚህ ሦስቱ ስልኮች በአፕል ዘንድ የአንድ ሰው ስልኮች ነበሩ፤ ከአንዱ የተሰረዘው ከሁሉም ይሰረዛል።

ቁጥሮቹን አስመልሰናል። የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ በሆነው በአይክላውድ ድረ ገጽ ላይ «ዳታ ሪከቨሪ» የሚል ገጽ አለ፤ ባለፉት 30 ቀናት የተቀመጡ የኮንታክት ቅጂዎችን መልሶ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ቀኑ ሳያልፍ እዚያ ይግባ። ነገር ግን ቁጥሮቹ ሲመለሱ ወደ ልጁ ስልክም አብረው ስለተመለሱ፣ ነገሩ በማስመለስ ብቻ እንደማያልቅ ሁላችንም ተረዳን፤ በዚያው ሳምንት አካውንቶቹን መለየት ጀመርን። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ሥራ ያለፍንበትን ቅደም ተከተል ነው። ስልኩ ላይ በእንግሊዝኛ የሚታዩትን የሜኑ ስሞች እንደ አነባበባቸው አስቀምጫቸዋለሁ፤ እንደ ስልኩ ሲስተም ዕድሜ ቦታቸው በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል።

በቅድሚያ መረዳት የሚገባው

አይፎን ለአካውንት ሁለት መቀመጫ አለው። አንደኛው አይክላውድ ሲሆን ፎቶን፣ ኮንታክትን፣ መልእክትን፣ ማስታወሻን፣ የስልኩን መገኛና ባክአፑን (መጠባበቂያ ቅጂውን) ይይዛል። ሁለተኛው «ሚዲያ ኤንድ ፐርቼዝስ» የሚባለው ሲሆን ከአፕ ስቶር የተገዛውንና የወረደውን ይይዛል። አብዛኛው ሰው በሁለቱም ላይ አንድ አካውንት ስለሚያስገባ መቀመጫዎቹ ሁለት መሆናቸውን አያስተውልም። አንድን አፕ ሁለት ጊዜ ላለመግዛት ሲባል አካውንት የሚጋራ ቤተሰብ የሚፈልገው ሁለተኛውን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሳያውቅ የመጀመሪያውንም አብሮ ይጋራል። ጉዳቱ የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ ባል የሚያነበው የሚስት መልእክት፣ እናት ሳትጠየቅ ልጇ ስልክ ላይ የሚታየው የምርመራ ወረቀቷ ፎቶ፣ አንድ ሰው ሲደወልለት ሦስት ቤት የሚጮኸው ፌስታይም ሁሉ የዚህ ውጤት ነው።

ግዢን ለመጋራት አካውንትን መጋራት አያስፈልግም። አፕል ከመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አይኦኤስ 8 ከተባለው የአይፎን ሲስተም ጋር፣ «ፋሚሊ ሼሪንግ» የሚባለውን አሠራር አቅርቧል። እስከ 6 ሰው የሚሆን ቤተሰብ እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ሆኖ አንዱ የገዛውን አፕ፣ ፊልም፣ መጽሐፍና ሙዚቃ ሌላው ያለ ክፍያ ያወርዳል፤ የአይክላውድ ማከማቻንም አብሮ ይጠቀማል። ማከማቻ መጋራት ማለት ፎቶ መተያየት ማለት አለመሆኑን በተለይ ትልልቆቻችን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። 200 ጊጋባይቱ የጋራ ሲሆን በውስጡ ያለው ግን የየራስ ነው፤ ሌላው ሰው የሚያየው ስንት ጊጋባይት እንደተጠቀሙ ብቻ ነው።

ሁሉም ግዢ ግን አይጋራም። በጨዋታ ውስጥ የሚገዙ ሳንቲሞችና የመሳሰሉት ተጠቅመው የሚጨርሷቸው ነገሮች የገዢው ብቻ ናቸው። አፕ ውስጥ የሚከፈል ወርኃዊ ክፍያም የሚጋራው የአፑ ሠሪ ከፈቀደ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አፕ ለቤተሰቡ ሁሉ ይሆናል ብለው ከመክፈልዎ በፊት በአፕ ስቶር ገጹ ላይ ፋሚሊ ሼሪንግን እንደሚደግፍ የሚገልጸውን መስመር ይፈልጉ።

ደረጃ 1፦ ስልኮቹን በወረቀት መመዝገብ

አንድ ወረቀት ወስደው ለእያንዳንዱ ስልክና ታብሌት አምስት ነገር ይጻፉ፦ የማን እንደሆነ፣ በአይክላውድ ላይ የማን አካውንት እንዳለ፣ በ«ሚዲያ ኤንድ ፐርቼዝስ» ላይ የማን እንዳለ፣ የማረጋገጫ ኮድ ወደየትኛው ስልክ ቁጥር እንደሚላክ፣ የይለፍ ቃሉን ማን እንደሚያውቅ። ይህን ለማየት «ሴቲንግስ»ን ከፍተው ከላይ ያለውን ስም ይጫኑ፤ ወደ ታች ሲወርዱ በዚያ አካውንት የተከፈቱት ስልኮች ሁሉ ይዘረዘራሉ። በእኛ ዝርዝር ውስጥ እኅቴ ከሁለት ዓመት በፊት የሸጠችው ስልክ ሳይቀር ተገኝቷል።

ከአምስቱ አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው። በአገር ቤት ብዙ ሰው አይፎን ሲገዛ አካውንቱን የሚከፍትለት ሻጩ ነው፤ ባለ ሱቁ በራሱ ኢሜይልና በራሱ የይለፍ ቃል ከፍቶ ስልኩን ያስረክባል፤ ገዢው ደግሞ አፑ እስከሠራለት ድረስ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ስልክ ካለ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁመው መጀመሪያ ሻጩን ያግኙ። የአካውንቱ የይለፍ ቃል ሳይታወቅ ከአካውንቱ መውጣት አይቻልም፤ ስልኩ ተጠርጎ እንደገና ቢከፈትም «አክቲቬሽን ሎክ» የሚባለው የስርቆት መከላከያ የቀድሞውን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሻጩ በፊትዎ ሆኖ ከአካውንቱ እንዲወጣ ያድርጉ፤ ሱቁ ቦታ ከቀየረ በኋላ ይህን ማድረግ እጅግ ይከብዳል።

ደረጃ 2፦ የቀድሞው አካውንት ለማን እንደሚቀር መወሰን

በአፕል ዘንድ አንድን አካውንት ለሁለት ሰው መክፈል፣ ወይም ከግዢዎቹ ከፊሉን ወደ ሌላ ሰው ማዛወር አይቻልም። ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግዢን ከአንድ አካውንት ወደ ሌላ ማሻገር ተፈቅዷል፤ ይህ ግን አንድ ሰው ራሱ የያዛቸውን ሁለት አካውንቶች ወደ አንድ ለማምጣት የተዘጋጀ ሲሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በብሪታንያና በሕንድ አይሠራም። ስለዚህ የቀድሞው አካውንት ሳይከፈል ለአንድ ሰው ይቀራል፤ ሌሎቹ አዲስ ይከፍታሉ።

ብዙዎች አካውንቱ ካርዱ ለገባበት፣ ማለትም ለከፋዩ ይቅር ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አካውንቱ መቅረት ያለበት ፎቶውና ኢሜይሉ በብዛት በውስጡ ላለ ሰው ነው። ግዢው በፋሚሊ ሼሪንግ በኩል ለሌሎቹ ተመልሶ ይደርሳቸዋል፤ ካርድም በደቂቃ ይቀየራል፤ የአሥር ዓመት ፎቶን ከአንድ አካውንት ወደ ሌላ ማዛወር ግን አድካሚ ከመሆኑም በላይ በመሐል የሚጠፋ ነገር ሊኖር ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ ባልና ሚስት በግልጽ ሊነጋገሩበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በፋሚሊ ሼሪንግ የሚጋሩት ግዢ የገዢው ሆኖ ይቀጥላል፤ ከቤተሰቡ የወጣ ሰው ሌሎቹ የገዙትን መክፈት ያቆማል፤ ሌሎቹም የእርሱን ማግኘት ያቆማሉ። አንዱ ለሥራው የግድ የሚያስፈልገው ውድ አፕ ካለ በራሱ አካውንት ይግዛው።

ደረጃ 3፦ ከአካውንቱ ከመውጣት በፊት ያለውን ማዳን

ጊዜ የሚወስደው ይህ ደረጃ ነው፤ እባክዎ አይቸኩሉ። በአንድ ምሽት ለመጨረስ የተነሣ ሰው የሚያጣው ፎቶ ነው።

ብዙ አይፎኖች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ስልኩ ላይ የሚያስቀምጡት የፎቶውን አነስተኛ ቅጂ ሲሆን ዋናው በአይክላውድ ላይ ይቀመጣል። ፎቶው ስልክዎ ላይ ስለሚታይ ብቻ ስልክዎ ውስጥ አለ ማለት አይደለም። «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው ስምዎን፣ ከዚያ አይክላውድን፣ ከዚያ «ፎቶስ»ን ይክፈቱና «ዳውንሎድ ኤንድ ኪፕ ኦሪጅናልስ» የሚለውን ይምረጡ። ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክተው በዋይፋይ ያሳድሩት። እናቴ ስልክ ላይ የነበረው ፎቶ ወርዶ እስኪያልቅ አራት ሌሊት ፈጅቷል። ስልኩ ቦታ ከሌለው በኮምፒውተር ወደ አይክላውድ ድረ ገጽ ገብተው ወደ ሃርድ ዲስክ ያውርዱ። ቦታ ቢኖረውም እንኳ ሙሉ ባክአፕ በኮምፒውተር ላይ አስቀድመው እንዲያስቀምጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ዋትስአፕ የራሱ ጥንቃቄ አለው። በአይፎን ላይ የዋትስአፕ ባክአፕ የሚቀመጠው በአይክላውድ ውስጥ ስለሆነ፣ አካውንቱ ሲቀየር የቀድሞው ባክአፕ በቀድሞው አካውንት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መለየቱ ተጠናቆ አዲሱ አካውንት ከገባና አዲስ ባክአፕ ከተሠራ በኋላ ካልሆነ በቀር ዋትስአፕን ከስልኩ ላይ በፍጹም አያጥፉ። ቴሌግራም ውይይቱን በራሱ ሰርቨር ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ሚስጥራዊ ውይይት ከሚባለው በስተቀር፣ ስጋት የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ እዚህ ላይ ሊሰመርበት ይገባል። የሦስት ሰው ፎቶ ለዓመታት ተቀላቅሎ ስለኖረ እያንዳንዱ ስልክ የሌላውን ፎቶ ይዞ ይወጣል። «የእኔ ያልሆነውን ላስወግድ» የሚለው ፍላጎት ይመጣል፤ መለየቱ ሳያልቅ ግን አንድም ፎቶ አይሰርዙ፤ ከእርስዎ ስልክ የሰረዙት ከሁሉም ይሰረዛልና። በስሕተት ከተሰረዘ «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» በሚለው አልበም ውስጥ 30 ቀን ይቆያል።

ደረጃ 4፦ መውጣትና አዲስ መክፈት

የቀድሞው አካውንት ከሚቀርለት ሰው በስተቀር ሌሎቹ በየተራ፣ አንዱ ሳይጠናቀቅ ሌላው ሳይጀመር፣ ይወጣሉ። በመጀመሪያ ከላይ በተጠቀሰው የ«ፎቶስ» ገጽ ላይ የዚያን ስልክ ማመሳሰል ያጥፉ፤ ፎቶውን ከስልኩ ላስወግድ ወይስ ላውርድ ብሎ ሲጠይቅ ማውረዱን ይምረጡ። ከዚያ በስምዎ ገጽ ግርጌ ያለውን «ሳይን አውት» ይጫኑ፤ የአካውንቱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቀጥሎ የኮንታክት፣ የካላንደርና የመሳሰሉትን ቅጂ ስልኩ ላይ ላስቀር ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሁሉንም እንዲያስቀር ያድርጉ። እናቴን በስልክ መስመር እየመራኋት ይህን ስታደርግ ጣቷ ከስክሪኑ ሳይነሣ «እንዳይጠፋብኝ» እያለች ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። ስለዚህ በስልክ የሚረዱት ሰው ካለ እያንዳንዱን ጽሑፍ እንዲያነብልዎ ያድርጉ እንጂ «እሺ በለው፣ እለፈው» አይበሉት።

አዲሱ አካውንት በሰውዬው ትክክለኛ ስምና የልደት ቀን፣ በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፈት። የልደት ቀን ሲሞሉ ያለው ካላንደር የፈረንጆች መሆኑን አይርሱ፤ አገር ቤት ላሉ ወላጆች ሲከፈት በዚህ የሚሳሳት ብዙ ነው፤ አካውንቱ ቢቆለፍ ደግሞ ቀኑ ሊጠየቅ ይችላል። የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ቁጥር የባለቤቱ ይሁን፤ ሁለተኛ ቁጥር ሆኖ የሚያምነው ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ይጨመር። እናቴ አፕ ልታወርድ ባሰበች ቁጥር እኅቴ በሌሊት እየተነሣች ኮድ ታነብላት ነበር፤ አሁን ኮዱ የሚደርሰው በእናቴ በራሷ ቁጥር ላይ ነው።

ወደ አዲሱ አካውንት ሲገቡ ስልኩ ላይ የቀረውን ኮንታክት ከአይክላውድ ጋር ላዋህድ ብሎ ይጠይቃል፤ «መርጅ» ይበሉ። በመቀጠል የመልእክትና የፌስታይም ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የሚላክበትና የሚደርስበት አድራሻ የራስዎ ቁጥርና ኢሜይል ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የቀድሞው ኢሜይል እዚያ ከቀረ የሌላው ሰው መልእክት መምጣቱን አያቆምም። «ሚዲያ ኤንድ ፐርቼዝስ» ላይም አዲሱ አካውንት መግባቱን ይመልከቱ። በመጨረሻ የቀድሞው አካውንት የቀረለት ሰው ከስልኮቹ ዝርዝር ውስጥ የእርሱ ያልሆኑትን ያስወጣ፤ የይለፍ ቃሉንም ይቀይር። ይህ ያለመተማመን ምልክት ተደርጎ እንዳይታሰብ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

ደረጃ 5፦ ቤተሰቡን በፋሚሊ ሼሪንግ ማገናኘት

ከአዋቂዎቹ አንዱ አደራጅ ይሆናል፤ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፋሚሊ» የሚለውን ከፍቶ ሌሎቹን ይጋብዛል፤ እነርሱም በየስልካቸው ይቀበላሉ። ከመጋበዝ በፊት ሁለት ነገር ይታወቅ። ግዢ ለመጋራት የሁሉም አካውንት አገር አንድ መሆን አለበት፤ የአሜሪካ አካውንት ከጀርመን ወይም ከኤምሬትስ አካውንት ጋር ግዢ አይጋራም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ መግባት የሚችለውም በአንድ ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ መዛወር የሚችለው በዓመት አንድ ጊዜ ነው።

«ፐርቼዝ ሼሪንግ» (ግዢን መጋራት) ሲበራ አባላቱ የሚገዙት ከአደራጁ ካርድ ሊከፈል ይችላል። ይህን ያላወቀ አባት በወሩ መጨረሻ በባንክ ዝርዝሩ ይደነግጣል። አባሉ በራሱ አካውንት ላይ ከጊፍት ካርድ የገባ ቀሪ ሂሳብ ካለው ግን መጀመሪያ ከዚያ ይቆረጣል። ስለዚህ ለወጣት ልጆች ወርኃዊ ወጪን በጊፍት ካርድ መወሰን ጥሩ ዘዴ ነው፤ ካርዱ ከአካውንቱ አገር ጋር አንድ መሆኑን ብቻ ይመልከቱ።

በአሜሪካ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አካውንት የሚከፈትለት በወላጁ በኩል በዚሁ ገጽ ላይ ነው። «አስክ ቱ ባይ» ለእንዲህ ያሉ ልጆች ራሱ በርቶ ይመጣል፤ ልጁ ነፃ አፕ እንኳ ሲያወርድ ጥያቄው ወላጁ ስልክ ላይ ይደርሳል። ከ18 ዓመት በታች ላሉትም ማብራት ይቻላል። የልጁን ዕድሜ ከፍ አድርጎ መመዝገብ ለጊዜው የሚያቀል ቢመስልም ይህን ጥበቃ ሁሉ ስለሚያስቀር አያድርጉት። ሁለቱም ወላጆች መፍቀድ እንዲችሉ አደራጁ የትዳር ጓደኛውን ወላጅ ብሎ ይመዝግብ።

የቤተሰቡን ግዢ ለማውረድ አፕ ስቶርን ከፍተው ከላይ ያለውን የፎቶ ምልክት ይጫኑና የተገዙ አፖች ዝርዝር ውስጥ የአባሉን ስም ይምረጡ። ሌላው እንዲያየው የማይፈልጉትን ግዢ እዚያው መደበቅ ይቻላል። በቀድሞው አካውንት የወረዱ አፖች ሲታደሱ የድሮውን የይለፍ ቃል መጠየቃቸው አይቀርም፤ መፍትሔው አጥፍቶ በአዲሱ አካውንት እንደገና ማውረድ ነው። የባንክ አፕ ከሆነ ግን መግቢያው በእጅዎ መኖሩን ሳያረጋግጡ አያጥፉ።

እናቴን በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አስገብተናታል። አካውንቷ የአሜሪካ ስለሆነ ማከማቻውን እንድትጠቀም አድርገን «ፐርቼዝ ሼሪንግ»ን በእርሷ በኩል አጥፍተነዋል፤ የክርስትናውም የሠርጉም ፎቶ ቦታ አያጣም፤ ሳታስበው የምትጫነው ነገርም ከእኅቴ ካርድ አይቆርጥም። የአካውንቱ አገር ለማይገጥም ዘመድ ደግሞ የጋራ አልበም ይበቃል፤ እስከ 100 ሰው ይጋበዝበታል፤ ቤተሰብ መሆንም አይጠይቅም።

አንድሮይድ ላላቸው

እዚህ ሥራው ይቀላል፤ አንድ አንድሮይድ ስልክ ብዙ የጉግል አካውንት በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ የድሮውን ሳያስወጡ አዲሱን ጨምሮ ቀስ እያሉ መሸጋገር ይቻላል። የጉግል የቤተሰብ ቡድንም እስከ 6 ሰው ሲይዝ የአባላቱ አገር አንድ መሆን አለበት፤ ቡድን መቀየር የሚቻለውም በ12 ወር አንዴ ነው። የተገዛ አፕ የሚጋራው ከሐምሌ 2 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በኋላ የተገዛ ከሆነ ነው፤ ከዚያ በፊት የተገዛውን መጋራት የሚቻለው የአፑ ሠሪ ከፈቀደ ብቻ ነው። የድሮውን አካውንት ከስልኩ ከማስወጣትዎ በፊት ኮንታክቱን በፋይል አውጥተው ወደ አዲሱ ያስገቡ፤ ካልሆነ የእናቴ ታሪክ ይደገማል።

ለፊልምና ለሙዚቃ የሚከፈለው በየድርጅቱ ደንብ ይለያያል። ኔትፍሊክስ ከግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ አንድ አካውንት ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሁለት ቤት መጠቀምን ከልክሏል፤ ፕሮፋይልዎን ወደ አዲስ አካውንት አዛውረው ሲያዩት የነበረውን ዝርዝር ይዘው መውጣት ግን ይችላሉ። የስፖቲፋይ የቤተሰብ ክፍያ እስከ 6 አካውንት ሲይዝ ሁሉም በአንድ አድራሻ መኖር አለባቸው።

ደረጃ 6፦ ባለቤቱ ባይኖር

አካውንት ከተለየ በኋላ አዲስ ጥያቄ ይመጣል፤ ሰውዬው ቢሞት ፎቶውን ማን ይከፍተዋል? ከታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. በአይኦኤስ 15.2 የመጣው «ሌጋሲ ኮንታክት» ለዚህ ነው። በስምዎ ገጽ «ሳይን ኢን ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ እስከ 5 ሰው መምረጥ ይችላሉ፤ ስልኩ የመክፈቻ ቁልፍ ያወጣል፤ ተመራጩ ይህን ቁልፍና የሞት የምስክር ወረቀት አቅርቦ ፎቶዎቹን፣ ማስታወሻዎቹንና ፋይሎቹን ያገኛል። የተገዙ ፊልሞች፣ መጻሕፍትና ሙዚቃዎች ግን አይተላለፉም፤ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችም እንዲሁ። በዲጂታል መደብር የምንገዛው የመጠቀም ፈቃድን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጮች ይህን ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዳል።

የመክፈቻ ቁልፉን ስልክ ውስጥ ብቻ አይተዉት፤ በወረቀት ያትሙት። የእናቴ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ቁም ሳጥኗ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ቅጂ እኔ ጋ ነው።